የሲላስ ቶርፕ አውራ ጣት

ሲላስ ቶርፕን ስለ ቤዝቦል የሚጠይቅ ሰው ዴንቨር ውስጥ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንድም አገሩን የማያውቅ እንግዳ፣ አንድም ጠብ ያማረው። ነባሩ ሰው አይጠይቅም። ላሪመር ጎዳና ላይ ካለው የሲላስ ኮርቻ ሱቅ ይገባል፣ ስለ ተበጠሰ ልጓሙ ያወራል፣ ዓይኑ የሰውዬው ግራ እጅ ላይ እንዳያርፍ እየተጠነቀቀ ጉዳዩን ጨርሶ ይወጣል። የዚያ እጅ አውራ ጣት ወደ ውስጥ ታጥፎ መዳፉ ላይ እንደተኛ ቀርቷል። እንኳን መርፌ ማንኪያም አይጨብጥም።

እንዲህ ከመሆኑ በፊት ሲላስ በከተማው አሉ ከሚባሉት ኮርቻ ሰፊዎች አንዱ ነበር። ኮርቻ የሚሰፋው በሁለት መርፌ ነው። በወስፌ በተበሳው ቀዳዳ አንዱ መርፌ ከቀኝ፣ ሌላው ከግራ ይገባና ክሩ በሁለቱም እጅ እኩል ተወጥሮ ይሳባል። ግራው ከሰነፈ ስፌቱ ይላላል፤ ስፌቱ ከላላ ደግሞ ፈረሰኛው ተራራ መሃል ወድቆ አፈር ይልሳል። «የኔ ስፌት ሰው ጥሎ አያውቅም» ይል ነበር ሲላስ። ጉራ ነው፤ ይሁን፣ ያምርበት ነበር።

ቤዝቦሉንም ቢሆን ማንም አላመጣለትም። ከተማዋ ገና ድንኳንና የሳንቃ ጎጆ ብቻ ሳለች፣ እሱና አንድ አንጥረኛ፣ አንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛና ጥቂት ጋሪ ነጂዎች ሆነው ከወንዙ ማዶ ያለውን ሜዳ ከቁልቋልና ከድንጋይ ያጸዱት በገዛ እጃቸው ነው። የመጀመሪያዋን ኳስ የሰፋው ሲላስ ነው። መሃሏ ከአሮጌ ጫማ የተቆረጠ ጎማ፣ በላዩ የተጠመጠመ የሱፍ ክር፣ ከላይ የፈረስ ቆዳ። ክሩ የተገኘው የሚስቱን የኬዝያን አዲስ ካልሲ በመተርተር ነበርና ኬዝያ ይህን ነገር በዋዛ አልተወችለትም።

«ሰው ሚስቱን ያለብሳል፤ የኔው ጉድ ከእኔ አውልቆ ኳስ ያለብሳል!» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አወራችበት።

ሲላስ የሚጫወተው ከመቺው ጀርባ ነበር። መቺው በዱላው የሳታትን ኳስ በባዶ እጁ የሚቀበል እሱ ነው። ለሰፈር ጨዋታ ይህ ከባድ አልነበረም። ወርዋሪው አንጥረኛ ጓደኛው ነው፤ ከወገቡ በታች አድርጎ ለመቺው እንድትመች ይወረውራታል፣ ይሳሳቃሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ሲመሽ ቢራ ጠጥተው ይለያያሉ።

ከዚያ ባቡሩ ገባ። ከባቡሩ ጋር ረጅም ኮፍያ የሚያደርጉ ሰዎች ገቡ። ከነሱ አንዱ፣ ሆሬስ ዊትኮም የሚባል የባንክ ባለቤት፣ ክለቡን ልርዳ አለ። ረዳም። ነጭ የሱፍ ሸሚዝ አሰፋ፣ ሜዳው ዳር ዳስ አስጣለ፣ ከዳሱ ሥር ወንበሩን አስቀመጠ፣ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥም ፕሬዚዳንት ሆኖ ተገኘ። ቁልቋሉ ሲነቀል የት ነበርክ ብሎ የጠየቀው የለም። ይባስ ብሎ ሜዳውን ያጸዱትን ሰዎች ቤዝቦል ምን እንደሆነ ያስተምራቸው ጀመር! ቤዝቦል የጨዋ ሰው ጨዋታ ነው አላቸው፤ ጨዋ ሰው ለገንዘብ አይጫወትም፣ ጨዋ ሰው አይዋሽም። ዳኛው ነገሩን ካላየው ተጫዋቹን ራሱን በቃሉ ይጠይቀዋል፤ ተጫዋቹ የመለሰው ይጸናል። ይኼ እንኳ ድሮም የነበረ ልማድ ነው። ዊትኮም ግን እሱ እንደወለደው ልጅ በየግብዣው ያወራለት ነበር።

ለገንዘብ አይጫወትም ያለው ይኸው ሰውዬ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ከምሥራቅ ሉሺየን ባርድ የሚባል ወርዋሪ አስመጣ። ባንኬ ውስጥ ጸሐፊ ነው አለ። ባርድ ብዕር ይዞ ያየው ሰው እስካሁን አልተገኘም። የባርድ ክንድ ግን የዋዛ አልነበረም። ኳሷ ከእጁ ስትወጣ ታፏጫለች። መቺዎቹ ሳቷት፤ ሲላስ ተቀበላት። ሰኔ ሳያልቅ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ተሰበረች፣ መዳፉ አብጦ መርፌ አልይዝ አለ።

ሐኪሙ እጁን አገላብጦ አየና፣ «ትንሿስ ትድናለች» አለ። «አውራ ጣትህን ከሰበርከው ግን ኮርቻ መስፋትን እርሳው። ቀልድ አይደለም።»

ኬዝያ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ቤት እስኪደርሱ እንኳ አልጠበቀችም።

«ሰማህ አይደል? ወይ ኳሱን ተው፣ ወይ እጅህን ሸፍን። አንተ ሰውዬ፣ ቆዳ ሞልቶሃል! የአገሩን ፈረስ ጀርባ ስታለብስ ውለህ ለራስህ እጅ ትሰስታለህ?»

እውነቷን ነው። ሲላስም እውነቷን እንደሆነ አወቀ። በማግሥቱ ከሚዳቋ ቆዳ አንድ ጓንት ቆረጠ። ጣቶቹን ጫፍ ጫፋቸውን ከፈታቸው፣ መዳፉ ላይ ደራረበ፣ በአውራ ጣቱ በኩል ደግሞ ወፍራም የኮርቻ ቆዳ አስገባበት። ግራ እጁን ከቶ በቀኙ ቡጢ መታ መታ አደረገው። ምንም አልተሰማውም። ያን ዕለት እያፏጨ ዋለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ለልምምድ ጓንቱን አጥልቆ ሜዳ ወረደ። ባርድ ሊወረውር የነበረውን ኳስ እጁ ላይ አስቀርቶ ዞር አለና፣ «ጎበዝ፣ ዛሬ ሠርግ አለ እንዴ?» አለ። ሳቁ ከዚያ ተጀመረ።

«ሲላስዬ፣ እጅህን በረደህ?»

«ጃንጥላውን የት ረሳኸው?»

«ተዉት እንጂ፣ ነገ ሽቶ ተቀብቶ ይመጣል!»

የሳቁት ከባንኩ የመጡት ብቻ አልነበሩም። አንጥረኛው ጓደኛውም ሳቀ። ሲላስን ያ ነው ይበልጥ ያበሸቀው። ዊትኮም ከዳሱ ተነስቶ፣ በትሩን እያወዛወዘ መጣና ጓንቱን በበትሩ ጫፍ ነካው።

«ይኼ ምንድን ነው ቶርፕ?»

«ጓንት ነው ሚስተር ዊትኮም። ሐኪሙ አውራ ጣቴን…»

«ሐኪሙ ተጫዋች ነው? ስማኝ፣ በመስከረም የሼየን ከተማ ክለብ ይመጣል። የሁለት ከተማ ሰው ቆሞ እያየ ተቀባያችን እንደ ሴት ጓንት አጥልቆ ይታይ? ወንድ ኳስ የሚይዘው ፈጣሪ በሰጠው እጅ ነው። ጨዋታው የጨዋ ነው። ወይ አውልቅ፣ ወይ ቦታውን ልቀቅ፤ ሰው አላጣንም።»

እስቲ አሁን ምን ይባላል? ኳስ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ የራሱን እጅ በፍየል ቆዳ ጓንት ሸፍኖ በትር የያዘ ሰው ነው እኮ ይህን የሚናገረው! ሲላስ ደሙ ፈላ። እንካ ሜዳህን ብሎት ቢሄድ ኖሮ ዛሬ ኮርቻውን እየሰፋ ይኖር ነበር። ግን የእኛ ሰው ፈሪ ከሚባል ገደል ቢገባ ይመርጣል። በዚህ አገር ብርዱን፣ ረሃቡን፣ የበሬ ጋሪውን መንገድ የቻለ ሰው ሁሉ አንድ በሽታ አለበት፤ ሲያመው አላመመኝም ይላል። ሲላስ ጓንቱን አወለቀና ኪሱ ውስጥ ወሸቀው።

«ወርውር!» አለ ባርድን። «አለኝ የምትለውን ወርውር!»

ማታ ኬዝያ ጓንቱን ከኪሱ አወጣችው። ዙሪያውን አገላብጣ አየች፤ አንድም ጭረት የለበትም። መደርደሪያው ላይ ከመጀመሪያዋ ኳስ አጠገብ አስቀመጠችው። ከሰደበችው ይልቅ ዝም ያለችው ከነከነው።

በመስከረም የሼየን ሰዎች በባቡር መጡ። ተራሮቹ ላይ ዛፎቹ ቢጫ ለብሰዋል፣ ሜዳው ዙሪያውን ጋሪና ፈረስ ሞልቶታል፣ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ወጥቷል። ዳኛው ከሁለቱም ወገን ያልሆነ፣ በአቅራቢያው ካለው የጦር ምሽግ የመጣ አንድ ሽማግሌ የጦር ሐኪም ነበር። በልማዱ መሠረት የተሸነፈው ኳሷን ለአሸናፊው ያስረክባል፤ አሸናፊው የወርቅ ቀለም ቀብቶ፣ ውጤቱን ጽፎ፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ ያኖራታል። ዊትኮም ሣጥኑን አስቀድሞ አሠርቶ ነበር።

ጨዋታው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ዴንቨር በአንድ ነጥብ ይመራል። ሼየኖች ዞረው ገብተው ነጥብ ለማስቆጠር መንገድ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች አሏቸው፤ ግን አንድ መቺ ብቻ ነው የቀራቸው። እሱ ከወጣ በቃ፣ አለቀ። መቺው ቀይ ጢም ያለው ባቡር ነጂ ነው። የሲላስ ግራ እጅ ከቀትር ጀምሮ አብጦ ጣቶቹ አልገጥም ብለውታል። ቢሆንም አጎንብሶ ተጠጋ።

ባርድ ወረወረ። ባቡር ነጂው በኃይል ሰነዘረ፤ ዱላው ኳሷን ጫፏን ብቻ ነካትና ወደ ኋላ መጣች። እንዲህ ያለች ኳስ መሬት ሳትነካ ከተያዘች መቺው ወጣ ማለት ነው። ሲላስ ሁለት እጁን ዘረጋ። ኳሷ አውራ ጣቱን ፊት ለፊት መታችው። ድምፁን እሱ ብቻ ሰማው፤ ደረቅ እንጨት ሲቀነጠስ የሚያሰማው ዓይነት ነው። ኳሷ ከመዳፉ አምልጣ በጉልበቶቹ መሃል አቧራው ላይ ወደቀች። በቀኙ አፈፍ አደረጋትና ደረቱ ላይ ለጥፏት ተንበረከከ።

«ያዛት! ያዛት!» ብሎ ጮኸ ዊትኮም ከዳሱ። ሰዉ ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረ።

ሽማግሌው ዳኛ አቧራውን በእጁ እየበተነ ጠጋ አለ። የሲላስን ጀርባ እንጂ እጁን አላየም። እጁን ከፍ አድርጎ ሰዉን ዝም አሰኘ።

«ሚስተር ቶርፕ» አለ፤ «እኔ አላየሁም። በቃልህ ንገረኝ፤ ያዝካት ወይስ ጣልካት?»

ሲላስ ቀና አለ። ሕመሙ ክንዱን አልፎ ጥርሱ ድረስ ገብቷል። ዊትኮም ከዳሱ ሥር ራሱን ወደ ላይ ወደ ታች እየነቀነቀ፣ በል እንጂ በል እንጂ እያለው ነው። አንዲት ቃል ናት። ማን ያውቅበታል? ያቺን ቃል ቢላት ጨዋታው ያልቃል፣ ኳሷ ሣጥኗ ውስጥ ትገባለች፣ እሱም በትከሻ ተሸክመውት ከተማ ይገባል። እጁንስ ሰጥቷል፤ ለእጁ ዋጋ አንድ ውሸት ይበዛበታል?

«ጣልኳት» አለ ሲላስ።

ዳኛው ኮፍያውን አነሳለት። ከዚያ ጨዋታው ቀጠለ። ተቀያሪ የሚባል ነገር የለም፤ የጀመረ ይጨርሳል። የባርድ ቀጣይ ኳስ ፈጥና መጣች፤ መቺው ሳታት፣ ሲላስ በአንድ እጁ ሊያስቆማት ሲሞክር በጎኑ አልፋ እስከ ጋሪዎቹ ተንከባለለች። ሁለቱም ሼየኖች ሮጠው ገቡ። ዴንቨር ተሸነፈ።

ማታ ለእንግዶቹ ግብዣ ነበር፤ የተጠበሰ የአደን ሥጋ፣ በባቡር የመጣ ኦይስተር የሚሉት የቆርቆሮ የባሕር ምግብ፣ ለጤና የሚነሳ ብርጭቆ። ሲላስ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጧል። ፊቱ ላይ ደም የለም። የሼየኑ ባቡር ነጂ ከዚያ ማዶ ተነስቶ መጥቶ ቀኝ እጁን ጨበጠውና፣ «እኔ ብሆን እውነቱን መናገሬን እንጃ፣ ወንድሜ» አለው። ከገዛ ክለቡ ግን ማንም አጠገቡ አልተቀመጠም።

ዊትኮም ኳሷን አስረክቦ፣ ስለ ጨዋነት አንድ ንግግር አድርጎ፣ እንግዶቹን አስጨብጭቦ ወረደ። ከዚያ በሲላስ ጀርባ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ በጆሮው ተናገረው።

«ጨዋነትም ልክ አለው፣ ደደብ። ማን ሊያይህ ነበር? ባይሆን በሁለት እጅህ የማትይዝ ከሆነ ቀድመህ አትናገርም ነበር?»

ሲላስ ቱግ አለ። ወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ፤ አዳራሹ በሙሉ ዞረ።

«ድገመው!» አለ። አንቱታው እዚያው ሞተ። «ለሁሉም ይሰማ፣ ድገመው! ጓንት ሳደርግ ጨዋ ሰው አይሸፈንም አልክ፤ አወለቅኩ። እጄን ሰበርክ። ስጠየቅ ደግሞ ጨዋ ሰው አይዋሽም ያልከውን አደረግሁ፤ አሁን ደደብ ነኝ! የትኛው ነው ጨዋታህ? ለእኔ አጥንት አንድ ሕግ፣ ለአንተ ሣጥን ሌላ ሕግ ነው?»

ከአንጥረኛው ጀምሮ ሁሉም ሳህኑን ያይ ነበር። ሲላስ በቀኝ እጁ የነጩን ሸሚዝ ቁልፍ በጠሰ፣ ከራሱ ላይ ሞሽልቆ አወጣውና ኦይስተሩ ላይ ጣለው። ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ ላሪመር ጎዳናን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ ቤቱ ገባ። ኬዝያ በሩ ላይ ስታየው ስለ ሸሚዙ አልጠየቀችም። እጁን ብቻ ነው ያየችው።

አጥንቱ ጠማማ ሆኖ ገጠመ። ሐኪሙ ያለው ደረሰ። ሲላስ ለወራት ሞከረ፤ የግራውን መርፌ በጥርሱ ያዘ፣ በጉልበቱ ያዘ፣ በእንጨት ቆንጥጦ ያዘ። ስፌቱ ላላ። አንድ ቀን የሰፋውን ኮርቻ ራሱ በቢላዋ ዘልዝሎ ምድጃ ውስጥ ከተተውና ከዚያ በኋላ መርፌ አልነካም። ኮርቻ የሚፈልጉ ደንበኞቹ ወደ ሌላ ሄዱ። እሱ በቀኙ ቆዳ ይቆርጣል፣ ኬዝያ ልጓምና የአህያ ማሰሪያ ትሰፋለች፤ ትከሻዋ ያማታል፣ አትናገርም። እሱ ያያል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቆሽቱ ያላረረበት ጠዋት የለም፤ ቢያርርም እውነት አለው።

በሁለተኛው ዓመት፣ በፀደይ፣ አንድ የከብት ጠባቂ ተቀምጦ ማሰሪያው እስኪያልቅለት ሲጠብቅ በሩ ተከፈተና ሆሬስ ዊትኮም ገባ። ኮፍያውን አውልቋል።

«ሚስተር ቶርፕ! እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎስ ደህና ናቸው?»

ሲላስ ቢላዋውን ሳያስቀምጥ ቀና አለ። ከዚህ አፍ «እርስዎ» ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም።

«ሰሞኑን ከሴንት ልዊስ አዲስ ተቀባይ አምጥተናል» አለ ዊትኮም፣ ባንኮኒውን ተደግፎ። «ድንቅ ልጅ ነው። መዳፉ የተደራረበ የቆዳ ጓንት አጥልቆ ይጫወታል። ምሥራቅ አገር አሁን ፋሽኑ ይኼ ነው፤ ሰዉ ሲያየው ቆሞ ነው ያጨበጨበለት። ለቡድኑ በሙሉ እንዲሰፉልን ፈልገን ነው። ቆዳ ከእርስዎ የሚያውቅ የለም መቼም።»

ኬዝያ የያዘችውን ልጓም አስቀመጠች። ተነሳች፣ ከመደርደሪያው ላይ የሚዳቋ ቆዳውን ጓንት አነሳች፣ አቧራውን እፍ ብላ ባንኮኒው ላይ አኖረችው።

«እንዲህ!» አለ ዊትኮም ፊቱ በርቶ። «ልክ እንዲህ ያለ! አውራ ጣቱ ላይ እንኳ ደርባችሁበታል። ከየት አስመጣችሁት?»

«አያውቁትም?» አለ ሲላስ።

«የት አውቀዋለሁ?»

ረስቶታል። አላስመሰለም፤ እውነቱን ነው፣ ጭራሽ ረስቶታል። አንድ ሰው የአንድን ሰው እንጀራ በበትሩ ጫፍ ነክቶ ጥሎ፣ መጣሉንም ይረሳል? ሲላስ ከመደርደሪያው የመጀመሪያዋን ኳስ በቀኝ እጁ አነሳ።

«እንሰፋለን» አለ። ኬዝያ ዞራ አየችው። «ይቺን ከያዙልኝ ግን ነው። ፈጣሪ በሰጠዎ እጅ።»

«ምን? ቆይ፣ ሚስተር ቶር…»

ወረወራት። በኃይል አልነበረም፤ ባርድ ቢያያት ይስቅባት ነበር። ዊትኮም ግን ሁለት ክንዱን ፊቱ ላይ አጣምሮ ጎበጠ። ኳሷ ክንዱን መትታ ወለሉ ላይ ወደቀችና ተንከባልላ ኬዝያ እግር ሥር ቆመች። ከብት ጠባቂው ከመቀመጫው ተነሳ።

ሲላስ ግራ እጁን ባንኮኒው ላይ ዘረጋ። ያ ታጥፎ የቀረው አውራ ጣት ከጓንቱ አውራ ጣት አጠገብ ሆነ። ዊትኮም አየው፤ ያን ጊዜ ነው ፊቱ የተለወጠው።

«ሚስተር ዊትኮም» አለ ሲላስ፣ «በቃልዎ ይንገሩኝ። ያዟት ወይስ ጣሏት?»

ዊትኮም ወደ በሩ አየ። ወደ ከብት ጠባቂው አየ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ጠምዝዞ ይዞታል።

«ጣልኳት» አለ፣ በቀስታ።

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር» አለ ሲላስ፤ ጓንቱንም ከባንኮኒው አንስቶ ለኬዝያ መለሰላት።